ከፎቶግራፉ ሥር የተጻፈው

ሣህሌ ገብረ ማርያም መኪና መንዳት የተማረው ጣሊያን ጥሎት በሄደ ካሚዮን ላይ ነው። ካሚዮኑን የአሰላው ነጋዴ ወልደ ጊዮርጊስ በርካሽ ገዝተው አስጠገኑና ከሳጉሬ በኩል ገብስና ስንዴ የሚያመላልስ የጭነት ማኅበር አቋቋሙ። ሣህሌ ሾፌር ሆነ፤ ሁሴኖ ቱሳ የሚባል የአገሬው ወጣት ደግሞ ረዳት።

ያኔ መንገድ ነበር ለማለት ይከብዳል። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት በእጅ ካልተዘወረ አይነሳም። ዳገት ላይ ውሃው ይፈላል፤ ክረምት ሲገባ ጎማው ግማሽ ድረስ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ሁሴኖ ታኮውን፣ ያንን ከባድ ግንድ፣ ታቅፎ ከካሚዮኑ ኋላ ኋላ ዳገቱን በሩጫ ይወጣል። መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ጎማው ሥር ይወትፋል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ እንደገና አንስቶ ይሮጣል። ሲታክተው ካሚዮኑን በኦሮምኛ ይሰድበዋል። ሣህሌ መሪው ላይ ሆኖ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል።

አንድ ነሐሴ ላይ ከሳጉሬ ወዲያ ባለው ዳገት፣ ካሚዮኑ ሙሉ ጭነት እንደያዘ ተንሸራተተ። ሁሴኖ እንደ ወትሮው ታኮውን ወተፈ። ታኮው ጭቃው ላይ ሸርተት ሲል እሱም አብሮ ወደቀ። ሣህሌ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦት ነበር፤ ካሚዮኑ ግን አልቆመም። ገበሬዎች ከየማሳቸው ተሯሩጠው ጎማውን በአጣና ፈንቅለው ሲያወጡት ሁሴኖ ገና ይተነፍስ ነበር። የሚስቱን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ሚስቱ ፋጡ ገና ልጅ እግር ናት፤ ነፍሰ ጡርም ነበረች። ሴት ልጅ ወለደችና ዘሀራ አለቻት። ሌላ ባል አላገባችም፤ አሰላ ገበያ ቅቤ እየሸጠች ልጇን አሳደገች። ሣህሌ በየበዓሉ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። ዘሀራ ከፍ እያለች ስትመጣ ባየችው ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ጋሼ፣ አባቴ ምን ይመስል ነበር?»

«ረጅም ነው። ሲስቅ ድዱ ይታያል።»

ከዚህ በላይ ማለት አይሆንለትም። ፋጡም ብትሆን የባሏ ፎቶግራፍ የላትም።

ዓመታት አለፉ። ወልደ ጊዮርጊስ አረፉ፤ አብዮቱ ሲመጣ ማኅበሩ ተወረሰ። ዘሀራ አግብታ ጎበሳ ገባች። የሣህሌ ጉልበት ፔዳል መርገጥ ሲያቅተው የማኅበሩ ግቢ ዘበኛ አደረጉት። አሮጌው ካሚዮን ጎማው ወልቆ አጥሩ ጥግ ቆሟል። የማኅበሩ ወረቀት በሙሉ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ታጭቆ ነበር፤ ቁልፉ በሣህሌ እጅ ቢሆንም ከፍቶ የሚገባበት ጉዳይ ኖሮት አያውቅም።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ ጓድ ከሊፋ የሚባል ወጣት ካድሬ ሰዎች ይዞ መጣ። ክፍሉን አስከፍቶ ለኤግዚቢሽን ይሆናል ያለውን መርጦ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ጳጉሜን ላይ የመረጠው ፎቶግራፍና ወረቀት በትላልቅ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲመለስ፣ ሣህሌ ሰሌዳዎቹን ወደ ከተማው አዳራሽ ሲያግዝ አንዱ ላይ ዓይኑ ቀረ። ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ከጎኑ ሁሴኖ ታኮውን ታቅፎ ይስቃል። ወልደ ጊዮርጊስ አንድ ጊዜ ፎቶ አንሺ ይዘው የመጡ ዕለት የተነሳ ነው። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ስሙ ያልታወቀ ጭቁን ወዛደር፣ በአድኃሪው ሥርዓት ዘመን» የሚል ተጽፏል።

«ጓድ ከሊፋ፣ ይሄ ሰው እኮ ስም አለው» አለ ሣህሌ። «ሁሴኖ ነው። ሁሴኖ ቱሳ።»

ከሊፋ ጽሑፉን አየና አንገቱን አከከ። «ጋሽ ሣህሌ፣ እኔ ብጽፈው ደስ ባለኝ። ግን ከአዲስ አበባ ጸድቆ የመጣ ነው። አንድ ፊደል ብነካ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ከጎኑ በእርሳስ እንኳ?»

«በእርሳስም አይሆንም።» ይህን ሲል ሣህሌን አላየውም።

«ሚስቱ እዚሁ አሰላ ናት።»

«ይምጡ። ለሕዝብ ክፍት ነው።»

ፋጡ ለኢድ የምትለብሰውን ሻሽ አስራ መጣች። ሣህሌ በክንዷ ይዞ ሰሌዳው ፊት አቆማት። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ወደ ፎቶግራፉ ጠጋ አለች።

«እንዲህ ልጅ ነበር እንዴ?» አለች። «እኔ እኮ አብሮኝ ሲያረጅ ነው የማየው።»

ጣቷን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ምን ይላል?»

ሣህሌ ዓይኑን ጽሑፉ ላይ ተከለ። «‹ሁሴኖ ቱሳ፣ የካሚዮን ረዳት› ይላል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤዋን ሸጣ ስትጨርስ አዳራሹ ጎራ ሳትል ወደ ቤቷ አትሄድም። ዘሀራ ቶሎ እንድትደርስ ወደ ጎበሳ መልእክት ላከች። ዘሀራ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ተነሳች፤ ክረምቱ ግን ገና አልወጣም ነበር፤ የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፣ ድንጋይ አነጠፉ፣ አልሆነም። እዚያው መኪናው ውስጥ አደሩ። በማግስቱ እግሯ በጭቃ እንደተለወሰ አዳራሹ ስትደርስ እናቷንና ሣህሌን ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመው አገኘቻቸው። ሰሌዳዎቹ ጠዋት ተጭነው ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል።

ዘሀራ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ እንባዋን ጠረገችና «ግድ የለም» አለች። «ስሙ ከተጻፈበት ይገኛል። ሄዶ ሁሴኖ ቱሳ ብሎ መጠየቅ ነው።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ሣህሌ።

አዲስ አበባ ሲጠይቅ ሲመራ፣ የተወረሱ ድርጅቶች ወረቀት የሚቀመጥበት አንድ መጋዘን ደረሰ። ያስተናገደችው ወጣት ሴት መልካም ሰው ነበረች። ከአሰላ የመጣው ሁሉ ገብቷል፣ አንድም አልጠፋም አለችው። በሁሴኖ ስም ፈለገች፤ የለም።

«ስሙ ያልታወቀ ተብሎ ነው የተጻፈው» አላት።

እሷም የውስጠኛውን በር ከፍታ አሳየችው። ሣጥኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። «አባቴ፣ እንዲያ የሚል እዚህ ብዙ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እስኪዘጋ ድረስ ቁጭ ብሎ እንዲያይ ፈቀደችለት። ድንጋይ የሚፈልጡ፣ ጆንያ የተሸከሙ፣ መኪና የሚገፉ ሰዎች ከየሣጥኑ ወጡ። አንዳቸውም ስም የላቸውም። መጋዘኑ ሲዘጋ ብዙ ሣጥን ገና አልተከፈተም ነበር፤ ሁሴኖ ካያቸው መካከል አልተገኘም።

አሰላ ሲመለስ በቀጥታ ፋጡ ቤት ሄደ። እናትና ልጅ ባሉበት ሁሉንም ነገራቸው፤ የቀዩን ጽሑፍም ጭምር። ዘሀራ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ፋጡ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«አውቄያለሁ» አለችው። «ሰው ሲያነብ ዓይኑ ይሄዳል። የእርስዎ ግን ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ለእሱ ስም ሲፈልጉለት አየሁዎት። ሌላ ማን ይፈልግለታል?»

ዘሀራ ወደ ጎበሳ የምትመለስ ዕለት ሣህሌ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ቂም አልያዘችም፤ ከወንበሯ በመስኮቱ ጎንበስ አለችለት።

«ጋሼ፣ እስኪ አሁን ንገሩኝ። ምን ይመስል ነበር?»

ሣህሌ አፉን ከፈተ። መጋዘኑ ውስጥ ያያቸው ፊቶች ግን አንዱ በአንዱ ላይ እየመጡ ተደበላለቁበት። የሁሴኖን አፍንጫ ሲፈልግ የሌላው፣ ዓይኑን ሲፈልግ የሌላው ይመጣበታል። የመኪናው ረዳት በሩን መታ መታ አድርጎ ሾፌሩን «ሂድ!» አለው።

«ረጅም ነው» አለ ሣህሌ ከመኪናው ጋር ትንሽ እየተራመደ። «ረጅም ነው፣ ልጄ።»