ሜምብሬኑ በር ላይ ቀረ

እሁድ ጠዋት ከአቃቂ በሰቃ የተነሣሁት ጋሽ ታደለን ለመጠየቅ ነው። ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ እኔም መምህር ነኝ። መኪና ሲነዱ በደረሰ አደጋ ሰው ሞቶባቸው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ታስረዋል፤ እዚያም እስረኞችን ያስተምራሉ። ባለፈው ስጠይቃቸው፣ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለይ ስስ ሽፋን እንዳለ ነግሬያቸው ነበር። ዛሬ ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል። ላቦራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ የሰጠኝን መዳፍ የሚያህል የሽፋኑን ብጣሽ በሁለት ካርቶን መሐል ይዣለሁ።

መንገዱ ለባቡር ሐዲድ ተቆፍሮ ታክሲው እየተንፏቀቀ ሄደ። ሂሳቡ ሁለት ብር ነው። ከፊታችን ያለው ገልባጭ መኪና ጭሱን ሲለቅብን ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ዘጋ።

በሩ ላይ

እንደ ደንቡ፣ ያመጣሁትን ምስር ወጥ ፈታሹ ፊት ቀመስኩ። ከዚያ ካርቶኑን ከፈተ።

«ይኼስ ላስቲክ?»

«ሜምብሬን ይባላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌላው አየር ይልቅ ቶሎ ሟሙቶበት ያልፋል፤ በወዲያ በኩል ፓምፕ ይስበዋል።»

«ቅመሰው እንዳልልህ አይበላም» አለ ሳይስቅ። «መምህር፣ አየር በነጻ ይገባል። ይኼ ግን አይገባም። ስትወጣ ትወስደዋለህ።»

መጠየቂያው

በእኛና በእስረኞቹ መካከል ሁለት አጥር አለ፤ ሁሉም ይጮኻል። ጋሽ ታደለ ሁለት ተማሪዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ባዶ እጄን አዩ።

«በር ላይ ያዙት፣ ጋሼ።»

አንገታቸውን ደፉ። «በል፣ አንተው አስረዳቸው» አሉ።

«እንደ ወንፊት ነው?» አለ አንዱ ተማሪ።

«ወንፊት በመጠን ይለያል። ይኼ ግን...»

አጠገቤ ያለች ሴት ስለ ቤት ኪራይ ለባሏ ትጮኻለች። ባሏ ከወዲያ፣ «ቆይ እስቲ፣ ትምህርት ነው» አላት።

«እንግዲያው እኔም ልማር» ብላ ወደኔ ዞረች። ዙሪያችን ጸጥ አለ። ይኼኛው በማሟሟት እንደሚለይ አስረዳሁ።

«አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ ኢምንት ነው» አሉ ጋሽ ታደለ። «አንዴ ቢያልፍ ይበቃል?»

«አይበቃም፤ ደጋግሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል።»

«ፓምፑን የሚያሠራው ኃይል ራሱ ከጭስ የሚመጣ ከሆነስ? ካጠራው ይልቅ ቢያቆሽሽ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

ሰዓቱ አለቀ። እየሄዱ ዞር አሉ። «በሚመጣው እሁድ መልሱን ይዘህ ና። እሱን በር ላይ አይይዙብህም።»

የመልስ ጉዞ

ፈታሹ ካርቶኑን መለሰልኝ፤ በመጣሁበት መንገድ ቤቴ ገባሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃውን ማሳየት ራሱ ማስተማር ይመስለኝ ነበር። ሰኞ ክፍል ስገባ ብጣሹን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። መጀመሪያ የጋሽ ታደለን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።