ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ወረቀት

ሰቆጣ በሚገኘው ቢሯችን የመሬት ይዞታ መዝገብ የሚከፈተው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ከሄደ ቆይቷል፤ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ፕሮግራሙን አይቀበሉትም። አሮጌው በየቀኑ መጥፋት ሲጀምር መፍትሔ እንድፈልግ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ።

መፍትሔው ቨርቹዋል ማሽን ነበር፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌውን አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም። በነጻ ከሚገኙት ሁለቱን ለሳምንታት አወዳደርሁ፤ ምናልባትም ሳምንታት የመሰሉኝ ጥቂት ቀናት ነበሩ። አንደኛው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ቤቴ ባለው ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ሠራልኝ። የአጠቃቀም ውሉን እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን ነጻ የሆነው ለቤት እንጂ ለቢሮ አልነበረም። ሁለተኛው ለቢሮም ነጻ ነው፤ ነገር ግን ሲነሣ ይዘገያል፣ የኮምፒውተሩንም ግማሽ አቅም ይወስዳል። እሱን ጫንሁ፤ መዝገቡ ተከፈተ። ደክሞኝ ስለነበር ከዚያ በላይ አልመረመርሁም።

በሳምንቱ ከደሃና የመጡ አንድ አዛውንት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። በአባታቸው መሬት ለሚከራከሩበት ችሎት ከእኛ ማስረጃ ወስደው ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ወረቀት ገና አልተጻፈም አሉኝ።»

«ማን አለዎት፣ አባቴ?»

«የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ። ሰባት ዓመት ጠብቀው ይምጡ ብሎ ሳቀ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተስተካከለ ካላቀረብሁ ግን መዝገቤ ይዘጋል።»

ቀኑን አየሁት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር።

«የአሮጌው ሰዓት እኮ በእኛ ዓመት የተሞላ ነው» አሉ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከወንበራቸው ሳይነሡ። ፕሮግራሙ ቀኑን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ስለሚወስድ፣ ሰዓቱ ሆን ተብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሯል። ጳጉሜን ሲገባ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ወር ስለማያውቅ ማተም ይቆም ነበር። ቨርቹዋል ማሽኑ ግን ሰዓቱን ከአዲሱ ኮምፒውተር እየወሰደ የእኛን አቆጣጠር አጥፍቶታል።

«ማን ነበር እንዲያ የሞላው?» አልኋቸው።

«አንተ ነህ እንጂ! በተቀጠርህ ዓመት። አጨብጭበንልህ ነበር፤ ጭብጨባችንንም ረሳኸው?»

አላስታውስም። ሌላ ሰው ሠርቶት እኔ የተመሰገንሁ ይመስለኛል፤ ወይም እንዲያ ማሰቡ ይቀለኛል።

የቨርቹዋል ማሽኑን ሰዓት ከአዲሱ ኮምፒውተር ሰዓት ለማለያየት ለፕሮግራሙ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነም። አዛውንቱ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ሆነው ያዩኛል። ወረቀቱ የታተመው ሰው ሁሉ ለምሳ ከወጣ በኋላ ነው።

«ቀኑን አንብብልኝ» አሉ።

አነበብሁላቸው።

«ዓመቱንስ?»

ዓመቱንም አነበብሁ።

«የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው፣ አባቴ።»

አጥፈው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩትና ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም፤ ወረቀቱ ተቀባይነት አግኝቶ ይሆናል ብዬ ተቀምጫለሁ። እኔ ግን፣ የኮምፒውተሩ ወር ከእኛ ሠላሳ ቀን ጋር ስለማይገጥም፣ በየወሩ መጀመሪያ ያንን ሰዓት አርማለሁ፤ ቢሮውን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላም፣ ማረሜን ስለማላምን፣ ከደጅ እመለሳለሁ።