ከፊት ለፊቴ ቁም

«ከፊት ለፊቴ ቁምና ሰላም በለኝ!» ይሉ ነበር አጎቴ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የጎን እይታቸውን ወስዶባቸው ነበር። መጀመሪያ የሄዱበት ጉርድ ሾላ ያለ መነጽር ቤት የዓይናቸውን ግፊት ሳይለካ «እርጅና ነው» ብሎ መነጽር ሸጦ ሰደዳቸው። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ ነበር፤ የታዘዘላቸው ጠብታ የቀረውን ጠበቀ እንጂ የጠፋውን አልመለሰም።

ጎረቤቶቻችን ይህን ነግረናቸው እንኳ ከጎን እጃቸውን ያወዛውዙና መልስ ሲያጡ «ጋሼ ኮሩብን» ይላሉ። ትናንት በለቅሷቸው ድንኳን ውስጥ አንዷ «ደግ ነበሩ፣ ኩራታቸው ነው እንጂ» ስትል ሰማሁ። ደሜ ፈላ!

በር ላይ ያለው ወንበራቸው ባዶ ነው። እናንተ ጎረቤቶች ግን ዛሬ ፎቶግራፋቸው ፊት ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ። በሕይወት ሳሉ እንዲህ ብትቆሙላቸው ኖሮ፣ በየስማችሁ እየጠሩ ሰላም ይሏችሁ ነበር።