እጅ መንሳት

ቡሬ ውስጥ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለአዲስ ሠራተኞች የመጋዝ ማሽን አያያዝ አስተምራለሁ። ጓንት አድርጋችሁ ወደሚሽከረከር መጋዝ አትጠጉ ስላቸው ይሰሙኛል። ማሽኑ ሳይቆም ለማንም ሰው ሰላምታ አትስጡ ስላቸው ግን ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ቀልደኛ አይደለሁም።

ከሁሉም በላይ የሚሰማኝ አንድ የደምበጫ ሰው ነበር። በገበያ ቀን አባቱ ሊጠይቁት ብለው መጡ። እሱ ሳንቃ ይሰነጥቅ ነበር። ሽማግሌው በሩ ላይ ሲቆሙ አያቸውና ዞር ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። በዚያችው ቅጽበት መጋዙ ሁለት ጣቶቹን ነሳው።

አዘንሁ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ግን ንዴቱ አላስተኛኝም። ከሆስፒታል ሲወጣ ልጠይቀው ቤቱ ሄድሁ። ሚስቱ ሻይ ሰጠችኝ። ብርጭቆውን እንደያዝሁ ጮህሁበት።

«ስንት ጊዜ ነገርሁህ? ማሽኑን እስክታጠፋ ድረስ ቆመው ቢጠብቁህ ምን ይሆኑ ነበር?»

የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ በትዝብት አየኝ።

«አይ ጋሼ፤ አባቴ ቆመው እኔ እንዴት ዝም ልበል?»

«ዝም በላ! አባትህም ቢሆኑ፣ ጳጳስም ቢሆን ዝም በል!»

ይህን ስል በሩ ተከፈተና አባቱ ገቡ። የሻዩ ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ ሲሰበር የሰማሁት፣ ከልጃቸው ቀድሜ ብድግ ብዬ፣ ጎንበስ እንዳልሁ ነው።