አራቱ ዘጠኝ ቁጥሮች

ተማሪዎቹ «እትዬ ቁልፍ» ይሏታል። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ የተነፋ ኳስ ደግማ ትነፋለች፣ የተጣጠፈ ካልሲ ፈታ ታጥፋለች። ሰዓት ጠጋኙ ባሏ፣ «እኔ ዘንድ የቆመ ሰዓት ሞልቷል፤ አንቺን ግን የሚያቆም ጠፋ» እያለ ይስቅባታል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ዳይሬክተሩ ፊርማ አንዲት ፊሽካ ከዚያ ክፍል አውጥታ አታውቅም። ሕግ ማክበሯ ያኮራ ነበር፤ ሕጉ ግን የሚያኮራ አልነበረም። አዲስ ማሊያ የሚገዛው ለወንዶቹ ነው፤ እነሱ ለብሰውት ሲነትብ ለሴቶቹ ይወርዳል። ሜዳውም እንደዚያው፣ ሴቶቹ የሚለማመዱት ወንዶቹ ጠግበው ሲወጡ ነው። ይህ ነገር ልክ አይደለም ብትለው ብትለው ዳይሬክተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ውራጁን እየጣፈች፣ «ወንዶቹ ለልምምድ ሊፈልጉት ይችላሉ፤ እንደጨረሳችሁ አውልቃችሁ መልሱ» እያለች ስታድል ኖረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ግጥሚያ ነበራቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ መኪና አጥተው፣ አንዴ ሜዳ ተከልክለው፣ ዳኛ ፊት ሳይደርሱ በፎርፌ ተሸንፈዋል። ሦስተኛ ፎርፌ ማለት ከውድድሩ መሰረዝ ነው። እትዬ ቁልፍ ከጠዋት ጀምሮ ልቧ ተሰቅሎ፣ ከግምጃ ቤት ሜዳ፣ ከሜዳ ግምጃ ቤት ስትንቆራጠጥ ዋለች።

ዳኛዋ ልጆቹን አሰልፋ አየችና ፊቷን አጨማደደች። አራት ዘጠኝ ቁጥር! ከአራት ዘመን ውራጅ የተለቃቀመ ማሊያ ሌላ ምን ይሆናል? እትዬ ቁልፍ ቀዳዳ ቀዳዳውን ስታይ ቁጥሩን ማየት ረስታለች።

«በአንድ ቁጥር ሁለት ሰው አይጫወትም፤ እናንተ ጭራሽ አራት» አለች ዳኛዋ። «ሃያ ደቂቃ አላችሁ። ካልሆነ ፎርፌ ነው።»

አምበሏ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አለቀልን በቃ፣ እትዬ።»

ዳይሬክተሩ ከወንዶቹ ጋር በአውቶቡስ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዷል። እትዬ ቁልፍ እየሮጠች ደወለችለት። ግምጃ ቤት ውስጥ ትናንት የመጣ፣ ያልተከፈተ የማሊያ ካርቶን አለ።

«እሱ የወንዶቹ ነው! እንዳይነኩት!» ብሎ ዘጋው።

ካርቶኑ ፊት ቆመች። ከነካችው ልትባረር ትችላለች፣ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ግን ንዴቷ በለጠ። «ምን አባቱ!» አለችና መቀሱን አንስታ ፕላስተሩን ሸረከተችው።

ልጆቹ አዲሱን ማሊያ ለብሰው ተጫወቱ፣ አንድ እኩል ወጡ። በመስመሩ ዳር ስትሮጥ የቆየችው እትዬ ቁልፍ ከተጫዋቾቹ የበለጠ አላባት።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ወደሚለብሱበት ክፍል ስትገሰግስ ሆታና ጭፈራ ጠብቃ ነበር። ክፍሉ ግን ጭር ብሏል። ሁሉም ማሊያቸውን አውልቀዋል። አንዷ አንገትጌ ላይ ያለ ጭቃ በእርጥብ መሐረብ ትፈትጋለች፤ አምበሏ ከአንድ ጀምራ በየቁጥሩ ትደረድራለች።

«ማነው አውልቁ ያላችሁ?» ብላ ጮኸች።

አምበሏ ደነገጠች። «እርስዎ ነዎት እኮ ያስለመዱን፣ እትዬ። ወንዶቹ ሳይመጡ እናድርስልዎት ብለን ነው።»

እትዬ ቁልፍ ዳይሬክተሩን ስትራገም ኖራ፣ ለካ ይህን ያስተማረቻቸው እሷው ናት። በገዛ አፏ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ለዚያውም በፍቅር! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ልጆቹ ተጣደፉ፤ የተደረደረውን ማሊያ ወደ ካርቶኑ መመለስ ጀመሩ። እትዬ ቁልፍ ካርቶኑን ነጥቃ ወለሉ ላይ ገለበጠችው።

«ልበሱ!»

ትንሿ በረኛ አንድ ቁጥሯን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «እስከ መቼ ነው፣ እትዬ?»

«እላያችሁ ላይ ነትቦ እስኪያልቅ ድረስ።»

የዳይሬክተሩ ኮቴ በኮሪደሩ እየቀረበ ነው። በረኛዋ ግን አላመነችም፤ ማሊያውን እንዳቀፈች ቆማ ታያታለች።