ወላሂ ካለ በኋላ ያልከፈትኩት ክዳን

ጨፋ ላይ የጀልባ ሞተር አለን ስል የማይስቅ የለም። «ጀልባዋስ?» ይሉኛል። ጀልባዋን እኔም አላየኋት። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሞተሩን ባቲ ገበያ ከአንድ ደላላ ነው የገዛው፤ ደላላው ደግሞ ከባሕር በኩል በአፋር አድርጎ አምጥቶት ነበር። ያኔም አሮጌ ነበር። ዛሬ ከቦርከና ውሃ እየሳበ የእኔንና የታናሽ ወንድሜን የሽንኩርት ማሳ ያጠጣል። እሱ ከቆመ ሽንኩርቱ ሳምንት አይቆይም፤ ሌላ መተዳደሪያም የለን።

ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ይህ ሞተር ሁለት ውሃ አለው። አንደኛው ከውጭ ገብቶ አቀዝቅዞት የሚወጣው ነው፤ ድሮ የባሕር፣ እኛ ዘንድ የቦርከና። ሁለተኛው ውስጡ ተዘግቶ የሚዞረው አረንጓዴው ኩላንት ነው፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው። እሱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ወንዙ እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም።

አምና መቀየሪያው ሲደርስ እኔ እናቴን ሳስታምም ደሴ ነበርኩ። ሁለት ጀሪካን ኩላንት ኮምቦልቻ ገዝቼ ለወንድሜ በሚኒባስ ላክሁለት። ከዚያ በስልክ፣ «ቀየርከው?» አልኩት።

«ወላሂ ቀይሬዋለሁ፣ እታለም። አንቺ እማዬን ብቻ አስታሚ።»

ስመለስ እጄ ወደ ኩላንቱ ክዳን ሄዶ ነበር። እሱ አጠገቤ ቆሟል። እኛ ቤት ሰው በአላህ ስም ከማለ በኋላ ከፍቶ ማየት፣ ውሸታም ብሎ ፊት ለፊት እንደ መስደብ ነው። ክዳኑን በጨርቅ ወለወልኩና «ጎበዝ» አልኩት።

ዘንድሮ ሞተሩ ይግል ጀመር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የውጭውን ቧንቧ ስፈታ፣ ወንፊቱን ሳጥብ ከረምኩ። ወንድሜም አብሮኝ ፈለገ። ቦርከና ውስጥ ደረቱ ድረስ ገብቶ የመሳቢያውን ጫፍ አጸዳ። «አርጅቷል እኮ፣ እታለም፤ ለቁራሌው እንስጠው» ሲለኝ ተቆጣሁት። በልቤ ግን የአባቴን ሞተር ማማት ጀምሬ ነበር።

መላው ሲጠፋኝ፣ ጊዜው ባይደርስም ኩላንቱን ልቀይረው አልኩና አዲስ ገዛሁ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳፋ ደቀንኩና የታችኛውን የማፍሰሻ ታፖ ፈታሁ። አረንጓዴ ስጠብቅ ቀይ ወረደ። ቀይ፣ ወፍራም፤ በጣቴ ሳሸው አሸዋው ይቆረቁራል።

ወንድሜ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። «አካም ቡልቴ፣ እታለም» ብሎ እንዴት አደርሽ አለኝና ሳፋውን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ኩላንቱስ?» አልኩት።

«የሚስቴ ወንድም... መኪናው ግላበት መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ሰጠሁት። ሌላ እስክገዛ የወንዙን ጨመርኩበት። ውሃ ውሃ ነው ብዬ...»

«እሱስ ይሁን። ወንዙ ውስጥ ደረትህ ድረስ ቆመህ ምን ነበር የምትፈልገው?»

«ማሎ፣ እታለም፣ እባክሽ...»

«ንገረኛ! መፍቻ ስታቀብለኝ ችግሩ የት እንዳለ ታውቅ ነበር።»

«እንዳትጠዪኝ ፈርቼ ነው። ወላ—»

«አትማል!»

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እኔ እኮ ስቄ የማሳልፍ ሰው ነኝ። መስጠቱን ይቅር እለው ነበር፤ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው እምቢ አይባልም፣ እኔም ብሆን እሰጥ ነበር። ያንገበገበኝ ፍለጋው ነው። እየራሰ፣ እየበረደው፣ አብሮኝ የሌለ ነገር መፈለጉ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ «ወንድሜ ለፋልኝ» እያልኩ ዱዓ አደርግለት ነበር።

የቦኖ ውሃ እያመላለስኩ ውስጡን አጠብኩት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ጥርት ብሎ እስኪወርድ። አዲሱን ኩላንት መጨመር የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ማንቆርቆሪያውን አፉ ላይ ይይዛል፣ አንዱ ከጀሪካኑ ይቀዳል።

«ልያዝልሽ?» አለኝ።

«ሂድና ቦዩን ክፈት።»

ማንቆርቆሪያውን በሻሼ ሞተሩ ላይ አስሬ ብቻዬን ቀዳሁ። ጥቂት ፈሰሰብኝ። ሞተሩ ተነሳ፤ ውስጡ የቀረው አየር በአረፋ ወጣ፣ የጎደለውን ሞላሁ። ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው አልነቀልኩም። መርፌው ወጣ፣ ወጣ አለና መሀል ላይ ቆመ። አልሃምዱሊላህ፣ ሽንኩርቱ ተርፏል።

ውሃው ማሳው ጫፍ ሲገባ እሱ ከዚያ ማዶ «ደርሷል!» ብሎ ይጣራል፣ እኔ ከዚህ «ማሻአላህ!» እላለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲያ ነን።

«ደርሷል!» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

ሰማሁት። ሞተሩን እንደተነሳ ትቼ፣ ቦዩን ይዤ እስከ ጫፉ ወረድኩና መድረሱን በዓይኔ አየሁ።