ምስክር ያልሆንኩበት ኑዛዜ

የያዙኝ አየር ጤና፣ ተቀጥሬ ከምሰፋበት ሱቅ ነው። በስልኬ አንድ ጽሑፍ አጋርቼ ነበር። የደንበኛ ቀሚስ ጀምሬ፣ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትቼው ሄድኩ። የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ልብስና የበረኪና ሽታ ነው። ሴቶቹ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ እግር ማስቀመጫ እንኳ የለም። ሁሉም አየኝ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከጥግ አንዲት አሮጊት ፍራሻቸውን መታ መታ አደረጉና፣

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ይበቃናል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሳቸው ሆንኩ። እማማ ነበር የምንላቸው። የሚፈለገው ወንድ ልጃቸው ያለበትን አልናገርም በማለታቸው ነው የታሰሩት። ስኳር ስላለባቸው እግራቸው ቶሎ ይቆስላል። በየቀኑ በጣሳ ውሃ አጥባቸውና የጣቶቻቸውን መሃል ሳይቀር በነጠላዬ ጫፍ አደርቃለሁ። እሳቸውም ዓለም ባንክ ሰፈር ስላለው ቤታቸውና በእግር ስለሚረገጠው የስፌት መኪናቸው ያወሩልኛል። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ መኪና ነው። እሳቸው ገና በሕይወት እያሉ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ሊጣሉበት ጀምረዋል።

«ቤቱን ትካፈላላችሁ ስላቸው ዝም ይላሉ። መኪናዋ ከተነሳች ግን በቃ፣ ዓይንሽን ላፈር ነው» ይሉኛል።

ከዚያ ከዩኒቨርሲቲ የተያዘች ልጅ መጣች። ጠይም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ለሁሉም ነገር ቀልድ የማታጣ። እማማ በሌላው ጎናቸው አስተኟት። እሷ ስታወራ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ፤ ከእኔ ጋር እንዲህ ስቀው አያውቁም። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም፣ ቀናሁ። እግር የማጥበው እኔ፣ የሚሳቅላት እሷ!

አንድ ጠዋት እማማ መቆም አቃታቸው። ተረኛዋ ፖሊስ አየቻቸውና «ከሰዓት ሆስፒታል ይወሰዳሉ» ብላ ሄደች። እማማ «እንግዲያው ልናዘዝ» አሉ። አብራን የታሰረች ሕግ የተማረች ሴት ነበረች፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ከፖሊሷ ለምና አመጣች።

«አራት ምስክር ያስፈልጋል እማማ። ማን ማን ይሁን?»

ተነስቼ ነጠላዬን አስተካከልኩ። እማማ በጣታቸው መምረጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ራሷን ሕግ የተማረችዋን። ቀጥሎ፣ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት እያሉ በየቀኑ አብረዋት የሚጨቃጨቁትን ሴትዮ። ከዚያ በሩ አጠገብ የምትተኛውን ዝምተኛ። አራተኛዋ ያቺ ሳቂታ ልጅ ሆነች።

«እኔስ እማማ?»

«አንቺ አትሆኚም» አሉ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነበር።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ትናንት የመጣች ትታመናለች፣ እኔ አልታመንም ማለት ነው? ሌባ መሰልኳቸው? ከእንግዲህ ቢጠሩኝ አቤት እንዳልል ለራሴ ማልኩ።

እሳቸው ተናገሩ፣ ተጻፈ። ከዚያ ሕግ የተማረችዋ ጮክ ብላ አነበበችው፤ በዚያ ጠባብ ክፍል ላለመስማት ብፈልግም አይቻልም። ቤቱ ለሦስቱ ልጆች እኩል። የአንገት ሀብሉ ለልጅ ልጅ። «የስፌት መኪናዬን ደግሞ፣ እስር ቤት እግሬን ላጠበችው ልጄ» አለችና ስሜን ከነአባቴ ጠራች።

ዞር አልኩ።

«ምስክር የሆነ ሰው በኑዛዜው አይሰጠውም» አለችኝ ሕግ የተማረችዋ። «ብትፈርሚ ኖሮ ይቀርብሽ ነበር።»

«ኩርፊያሽ አለቀ?» አሉ እማማ።

ሳቂታዋን ልጅ አየኋት። እየሳቀች አልነበረም። እኔ እሷን ስንት ጊዜ በቅናት እንዳየኋት፣ እሷም እንደዚያው ነበር የምታየኝ።

ከሰዓት ፖሊሷ በሩን ከፍታ «ቶሎ በሉ፣ መኪና ቆሟል» አለች። ጣሳውን አነሳሁ።

«እግራቸው ሳይታጠብ አይወጡም» አልኩ።

ጮክ ብዬም አልተናገርኩ። ፖሊሷ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ በሩን ተደግፋ ቆመች። ቀኝ እግራቸውን ያዝኩና ሳቂታዋን «ነይ፣ ግራውን አንቺ» አልኳት። ቀስ ብለን አጠብን፣ አደረቅን፣ ካልሲ አጠለቅንላቸው። ሁለታችንን ተደግፈው እስከ በሩ ሄዱ። አልተመለሱም፤ ሆስፒታል እንዳሉ አረፉ።

ስፈታ ዓለም ባንክ ሄድኩ። ሕግ የተማረችዋ ቀድማኝ ተፈትታ ኑዛዜውን ለልጆቻቸው አድርሳ ነበር። በሩን የከፈተችው ታላቂቱ ልጅ ናት። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

«እግሯን ያጠብሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ በየቀኑ ምግብ ይዤ እስር ቤቱ በር ላይ እቆም ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላስገቡኝም።»

ስለ መኪናው አንዲት ቃል አልተናገረችም። የቀናችው የእናቷን እግር ባጠበው እጄ ነበር።

መኪናው ዛሬ አየር ጤና በከፈትኳት ሱቅ ውስጥ አለ። የአዝራርና የክር ማስቀመጫ መሳቢያው ግን የለም፤ ታላቂቱ አውጥታ አስቀርታዋለች። በኑዛዜው የኔ ነው፣ አልጠየቅኳትም። መርገጫው መሃሉ ላይ ተበልቷል፤ የበላው የእማማ እግር ነው፣ ቁስል ሳያውቅ በፊት። ያንን ጤነኛ እግር ታላቂቱ ልጅ ታውቀዋለች፣ እኔ አላውቀውም። እግሬን እዚያ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር እቀናባታለሁ።